በለቡ ሰፈር ስለ ላፕቶፕ ጭረትና ስርጉድ አያያዝ

ለቡ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኝ ሰፈር ነው። በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያ በዚሁ አካባቢ ይገኛል። በሙዚቃ ሰፈር፣ በመብራት ኃይልና በቫርኔሮ በኩል በተሠሩት ቤቶች የሚኖር ተማሪ ወደ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ጧት በሜክሲኮ በኩል ታክሲ እየለወጠ ይሄዳል፤ ማታም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ላፕቶፑም በጀርባው ላይ አብሮት ይጓዛል። በታክሲው ውስጥ ከወንበር ብረት ጋር ይጋጫል፤ በቦርሳው ውስጥ ከቁልፍና ከቻርጀር ጋር ይፋጫል፤ አንዳንድ ጊዜም በንጣፍ ድንጋይ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጭረት ወይም ስርጉድ የሌለበት የተማሪ ላፕቶፕ ማግኘት እምብዛም አይቻልም።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት መብራት ኃይል አጠገብ ከታክሲ ስወርድ ቦርሳዬ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ወደቀ። እቤት ደርሼ ላፕቶፑን ብከፍተው ሠራ፤ የቀኝ ማዕዘኑ ግን ሰርጉዶ ነበር። እኔም ነገሩ የመልክ ብቻ መስሎኝ ስርጉዱን የሚያቀናልኝ ሰው ፍለጋ ሁለት ቀን ዞርሁ። በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። ለካስ በወደቀ ጊዜ የተጎዳው ማዕዘኑ ብቻ ሳይሆን ዲስኩም ኖሯል። የሦስት ሳምንት የጥናት ማስታወሻዬ በዚያው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ያሉትን የኮምፒውተር ጠጋኞችና የመኪና አካል ሠራተኞች እየጠየቅሁ፣ የሚሉትንም ስለ ብረታ ብረትና ስለ ፕላስቲክ በትምህርት ከምናውቀው ጋር እያስተያየሁ የተረዳሁት ይህ ነው። ጭረትና ስርጉድ አስቀድሞ መነበብ አለበት። ማስተካከሉ ከንባቡ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም አያስፈልግም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ንባቡ እንዴት እንደሚደረግ፣ ምን ማስተካከል እንደሚቻልና ምን መንካት እንደማይገባ ማስረዳት ነው።

1. ላፕቶፕ በወደቀ ጊዜ አስቀድሞ ስለሚደረገው

ላፕቶፕ የወደቀበት ሰው ዐይኑ ወዲያው የሚያርፈው በተጎዳው ማዕዘን ላይ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ መደረግ ያለበት በውስጡ ያለውን ሥራ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

በአሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ዲስክ መረጃውን የሚያነብበት ራስ ከዲስኩ ገጽ የሚርቀው በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ቢወድቅ ራሱ ገጹን ሊነካውና ሊፍቀው ይችላል። የተፋቀው ስፍራ ትንሽ ሲሆን ኮምፒውተሩ ለጊዜው ይሠራል፤ ጉዳቱ ግን እየሰፋ ይሄዳል። ከዲስኩ የቀጭታ ድምፅ ከተሰማ ወይም ፋይል ለመክፈት ከወትሮው የበለጠ ከዘገየ ምልክቱ ይኸው ነው። በኋላ የመጡት ኤስ ኤስ ዲ የሚባሉት ማኅደሮች የሚሽከረከር ክፍል ስለሌላቸው ከዚህ አደጋ የራቁ ናቸው። ቢሆንም ከሰው እጅ በተገዛ ላፕቶፕ ውስጥ የትኛው እንዳለ ባለቤቱ ሳያውቅ ሊኖር ስለሚችል መገልበጡ ለሁሉም ይበጃል።

ሁለተኛው ሥራ ባትሪውን መመርመር ነው። ላፕቶፑን በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥና ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ በጣት በቀስታ መንካት ነው። ቀድሞ የማይወዛወዝ የነበረው አሁን ቢወዛወዝ፣ ታችፓዱ ወደ ላይ ቢነሣ ወይም ክዳኑ አልገጥም ቢል ምናልባት ባትሪው አብጧል። ያበጠ ባትሪ መጫን፣ መውጋትም ሆነ ቻርጅ ማድረግ አይገባም። የሊቲየም ባትሪ በውስጡ ያሉት ንጣፎች ከተነካኩ በራሱ ሙቀት እየጋለ እስከ መቃጠል ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ አጥፍቶ፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቆ፣ ባትሪውን ለባለ ሙያ ማስወጣት እንጂ ስለ መልኩ ማሰብ ጊዜው አይደለም።

ሦስተኛው ማጠፊያው ነው። ክዳኑን በቀስታ እየከፈቱ ማዳመጥ ይገባል። በርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ ማጠፊያውን የሚይዙት ብሎኖች የሚታሰሩት በፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበሩ ትንንሽ የነሐስ ቀለበቶች ነው። በመውደቅ ምክንያት ከነዚህ አንዱ ከተነቀለ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሌሎቹም ይነቀላሉ። በመጨረሻም ቦዲው ይሰነጠቃል፤ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ሽቦም ሊቆረጥ ይችላል። ከማጠፊያው አጠገብ የታየ ቀጭን ስንጥቅ ከላይ ሲያዩት ጭረት ይመስላል። በእውነቱ ግን ሊመጣ ያለ ትልቅ ወጪ ምልክት ነው።

2. ስለ ቦዲው ዓይነት

ጠጋኞች «ቦዲ» የሚሉት የላፕቶፕ ውጫዊ አካል በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች ከአንዱ የተሠራ ነው። እነርሱም ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየምና የማግኒዥየም ቅይጥ ናቸው። አያያዛቸው እጅግ ስለሚለያይ ሳይለዩ መጀመር ስሕተት ነው።

ፕላስቲክ ሲነኩት አይቀዘቅዝም፤ በጥፍር ሲያንኳኩትም ድምፁ የታፈነ ነው። ሲወድቅ ጥቂት ይታጠፍና ይመለሳል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ይሰነጠቃል። ከመሰንጠቁ በፊት የታጠፈው ስፍራ ይነጣል። ይህ ንጣት በፕላስቲኩ ውስጥ ጥቃቅን ስንጥቆች መከፈታቸውን ያሳያል እንጂ ቆሻሻ ስላይደለ በማሸት አይለቅም።

አሉሚኒየም ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ከ2001 ዓ. ም. ወዲህ አፕል ኩባንያ የማክቡክን ቦዲ ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም እየፈለፈለ መሥራት ስለ ጀመረ ብዙዎች ይህን መልክ ይወዱታል። የላዩ ቀለም ግን የተቀባ አይደለም። ብረቱን በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነክረው ኤሌክትሪክ ሲያሳልፉበት በገጹ ላይ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን ይበቅላል፤ ቀለሙም የሚገባው በዚህ ሽፋን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ሥራው አኖዳይዚንግ ይባላል። የሽፋኑ ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 25 ማይክሮን ነው። የሰው ጠጉር 70 ማይክሮን ያኽል እንደ ሆነ ብናስብ ምን ያኽል ስስ እንደ ሆነ እንረዳለን። ጭረቱ ይህን ሽፋን ከበሳው ነጩ ብረት ይታያል። በጓዳ ውስጥ የጠፋውን ሽፋን መልሶ የሚያበቅል ማሻሻ የለም።

የማግኒዥየም ቅይጥ ከአሉሚኒየም የቀለለ ነው። የአሉሚኒየም ክብደት በአንድ ኩብ ሳንቲሜትር 2.7 ግራም ሲሆን የማግኒዥየም 1.74 ግራም ነው። ስለዚህ ለቢሮ ሥራ በተሠሩ አንዳንድ ጠንካራ ላፕቶፖች ላይ ይገኛል፤ በላዩም ቀለም ስለሚቀባ ብዙዎች ፕላስቲክ ይመስላቸዋል። ይህን ብረት በሚመለከት ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በተለመደው የክፍል ሙቀት በቀላሉ ስለማይታጠፍ ለማቅናት ሲሞክሩ ይሰበራል። ሁለተኛ፣ የሚፋቀው ዱቄት በቀላሉ የሚቀጣጠልና ከተቀጣጠለም በውሃ የማይጠፋ ነው። የቦዲውን ዓይነት እርግጠኛ ሳይሆኑ የብርጭቆ ወረቀት ማንሣት የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

3. ከባቲላሜራ ሙያ ጋር ሲነጻጸር

በከተማችን የተጋጨ መኪና አካል የሚያቀና ሰው ባቲላሜራ ይባላል። ስሙ እንደ ካቻቢቴ፣ እንደ ሞርሳና እንደ ፒንሳ ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው። ሙያው የተከበረና በልምድ የበለጸገ ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜልና ጣሳ እየቀጠቀጡ ምድጃና ባልዲ የሚያወጡትም ሠራተኞች ያው የላሜራ ጥበብ አላቸው። ከዚህ የተነሣ የላፕቶፑ ማዕዘን የሰረጎደበት ሰው «ለባቲላሜራ ብሰጠውስ?» ብሎ ማሰቡ አያስደንቅም። እኔም በነዚያ ሁለት ቀናት ያሰብሁት ይህንኑ ነበር።

በመኪና የሚሠራው ጥበብ በላፕቶፕ የማይሠራበት ምክንያት ግን አለ። የመኪና በር ወደ 0.7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ ሲሆን ከበስተ ኋላው ባዶ ስፍራ አለ። ሠራተኛው ከውስጥ ደገፍ ያስገባል፤ ከውጭ በመዶሻ ይመታል፤ ያልተስተካከለውን በስቱኮ ይሞላዋል፤ በመጨረሻም ይቀባዋል። የላፕቶፕ ክዳን ግን ባዶ ስፍራ የለውም። ከላሜራው ሥር ወዲያው ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊሜትር የማይበልጥ የስክሪን መስተዋት አለ። ከእጅ ማሳረፊያው ሥርም ባትሪው ተኝቷል። መዶሻ ያረፈበት እንደ ሆነ ስርጉዱ ሳይቀና መስተዋቱ ይሰበራል።

ከዚህም በላይ አሉሚኒየም ሲታጠፍ በታጠፈበት ስፍራ ይጠነክራል። የጠነከረው ስፍራ ወደ ቦታው ሲመለስ ከመታጠፍ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀናዋል። አንድ ቀጭን ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲያጣጥፉት የሚበጠሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሰረጎደውን ማዕዘን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ማቅናት ይቻል ይሆናል፤ ደጋግሞ መሞከር ግን መስበር ነው። ስርጉዱን በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ድንገት በማቀዝቀዝ ይመለሳል የሚለው አነጋገርም ለላፕቶፕ አይሆንም። በወፍራሙ ማዕዘን ላይ ምንም ሳይለውጥ ከሥሩ ያለውን ባትሪ ያሞቃል።

በመኪና ላይ የሚደረገው ስቱኮና ብረት ያለበት ቀለምም ሌላ ችግር ያመጣል። የዋይፋይ አንቴና ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በስክሪኑ ዙሪያ ነው። ቦዲው ብረት በሆነ ጊዜ ለአንቴናው ተብሎ የፕላስቲክ መስኮት ይተውለታል። ያን መስኮት በብረታማ ቀለም ወይም በብረታማ ተለጣፊ የሸፈነ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኔትወርክ ደካማ ሆነብኝ ብሎ ሊያማርር ይችላል።

4. ጭረትን ስለ ማስተካከል

ጭረት የሚመስለው ሁሉ ጭረት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከሌላ ዕቃ፣ ለምሳሌ ከጫማ ሶል ወይም ከቦርሳ ዚፕ፣ ተፍቆ የተለጠፈ ነገር ነው። መለያው ጥፍር ነው። ጥፍርን በመሥመሩ ላይ አግድም ሲያሳልፉት ካልያዘው ምናልባት የተለጠፈ ነው፤ ከያዘው የተቆፈረ ነው። የተለጠፈውን ንጹሕ የእርሳስ ላጲስ ወይም ጥቂት አልኮል የነካው ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ያስለቅቀዋል። ኮምፒውተሩ አስቀድሞ መጥፋት አለበት፤ አልኮሉም በጨርቁ ላይ እንጂ በኮምፒውተሩ ላይ አይፈስም።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ግን ፈጽሞ አይነካም። ለብዙ ላፕቶፖች ቦዲ የሚያገለግለውን ፕላስቲክ ስለሚያሟሟ መሥመሩን አጠፋለሁ ሲሉ ገጹን ሁሉ ያበላሻል።

የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል የሚለው ምክር በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ይህ ምክር ከየት እንደሚመነጭ ማወቅ ይጠቅማል። የጥርስ ሳሙና በውስጡ ደቃቅ የሚፍቅ ዱቄት አለበት፤ እናቶቻችን ብረት ድስት በአመድ ሲፈትጉ የሚሆነውም ይኸው ነው። ፈታጊው ጭረቱን አይሞላውም፤ ዙሪያውን ያለውን ገጽ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ በሚያብረቀርቅና ወፍራም በሆነ ፕላስቲክ ላይ ቀላል ጭረት ሊያደበዝዝ ይችላል። ደብዛዛ በሆነ ፕላስቲክ ላይ ግን የተፈተገው ስፍራ ብቻውን ያብረቀርቅና ከጭረቱ የባሰ ነቁጥ ይሆናል። በአኖዳይዝ አሉሚኒየም ላይ ቀለሙን ያሳሳል። በስክሪን ላይ ደግሞ ነጸብራቅ የሚከለክለውን ስስ ሽፋን ያነሣል፤ ይህም ጉዳት አይመለስም። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

እንግዲህ ጥልቅ ጭረት ያለበት ሰው ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው መተው ነው። ሁለተኛው በተቀባ ቦዲ ላይ ተመሳሳይ ቀለም በቀጭን ብሩሽ፣ በስሱና እየደጋገሙ፣ እያንዳንዱ እስኪደርቅ እየጠበቁ መንካት ነው። ሦስተኛው ተለጣፊ ሽፋን ማልበስ ነው። ሽፋኑ የአየር መውጫ ቀዳዳዎችን እንዳይደፍን መጠንቀቅ ይገባል፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ ይግላል።

የተሰነጠቀ ፕላስቲክን በሱፐር ግሉ ማያያዝም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የሱፐር ግሉ እንፋሎት በዙሪያው ባለው ገጽ ላይ ነጭ ደመና ይጥላል፤ የደረቀውም ሙጫ ተሰባሪ ስለ ሆነ የማጠፊያን ጉልበት አይችልም። ልምድ ያላቸው ጠጋኞች ማጠፊያ ሲነቀል ቦዲውን ፈትተው ሁለቱ ክፍሎች ተደባልቀው የሚጠነክሩበትን ኢፖክሲ ይጠቀማሉ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም አይከፍቱትም።

5. ስርጉድን ስለ ማስተካከል

ስርጉድ መስተካከል የሚገባው አንድን ሥራ ሲከለክል ነው። ለምሳሌ የቻርጀሩን ወይም የፍላሹን ቀዳዳ አጥብቦ ሊሆን ይችላል፤ ክዳኑ እንዳይገጥም አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጠርዙ ሹል ሆኖ እጅ ይቆርጥ ይሆናል። ከነዚህ አንዱም ከሌለ መተው የተሻለ ነው።

የአሉሚኒየም ጠርዝ ሹል ሆኖ ያስቸገረ እንደ ሆነ ባለ ሙያው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ቦዲውን ከፍቶ ባትሪውን ከቦርዱ ይለያል። ከተቻለም የተጎዳውን ክፍል ለብቻው ያወጣል። ከዚያ በደቃቅ ሞረድ ሹሉን ብቻ ይቆርጣል፤ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ በ800፣ በመጨረሻም በ1500 ያለሰልሰዋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ ደቃቅ ነው። ክፍሉ ከመገጠሙ በፊት ዱቄቱ ተጠርጎ ማለቅ አለበት። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በቦርዱ ላይ የቀረ ብናኝ ሁለት መሥመሮችን አገናኝቶ ሊያቃጥል ይችላል። የጠበበን ቀዳዳ ለመክፈትም ክፍሉ ለብቻው ወጥቶ ከጠንካራ እንጨት በተጠረበ ሽብልቅ በቀስታ ይገፋል፤ ሞርሳ የሚያዝ ከሆነ አፉ ቆዳ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይለብሳል።

6. ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ሲንር ተማሪው ያገለገለ ላፕቶፕ ወደ መግዛት ማዘንበሉ የግድ ነው። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው። የጥናት ጽሑፉም ቢሆን በእጅ ተጽፎ አይቀርብም። ስለዚህ የተማሪ ላፕቶፕ ቢበላሽ የሚጎዳው ኪሱ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ዘመኑም ነው።

በገበያ ላይ ያገለገለውን ሁሉ «ስላይትሊ ዩዝድ» ማለት ልማድ ሆኗል። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» እንደሚባለው ነው። ገዢው ሁለት ላፕቶፕ ቀርቦለት አንዱ ማዕዘኑ የሰረጎደ፣ ሌላው በአዲስ ተለጣፊ የተሸፈነ ቢሆን ዐይኑ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። እኔ ግን አስቀድሞ የተሸፈነው እንዲመረመር እመክራለሁ። የሚታየው ስርጉድ ታሪኩን ይናገራል፤ የተሸፈነው ግን አይናገርም። ሻጩን ተለጣፊውን እንዲያነሣ መጠየቅ፣ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መወዛወዙን ማየት፣ ክዳኑን ከፍቶ ማጠፊያውን ማዳመጥ፣ የብሎኖቹ ራስ ተልጦ እንደ ሆነ መመልከትና ቻርጀሩን ሰክቶ ማነቃነቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚሸጠውም ሰው በሽፋን ሥር ያበጠ ባትሪ ደብቆ ለሌላ ተማሪ መስጠት ከማታለል አልፎ አደጋ ማውረስ እንደ ሆነ ሊያስብ ይገባዋል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተገለጸውን ስናጠቃልለው፣ ላፕቶፕ ሲጎዳ መጀመሪያ ሥራን መገልበጥ፣ ቀጥሎ ባትሪንና ማጠፊያን መመርመር፣ ከዚያ የቦዲውን ዓይነት መለየት፣ መልኩን ከሁሉ በኋላ ማየት ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ጥቂቱን ሲፈልግ ብዙውን ያጣል።

የእኔ ላፕቶፕ አዲስ ዲስክ ገብቶለት ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በእርሱ ነው። የጠፋውን ማስታወሻ እንደገና ለመሰብሰብ ወደነዚያው ጠጋኞች ዘንድ ተመልሼ ጠየቅኋቸው፤ እነርሱም ሳይሰለቹ ደግመው ነገሩኝ። አንደኛው ማዕዘኑን አይቶ «ይህንንስ ላስተካክልልህ?» ቢለኝ ጣቴን በስርጉዱ ላይ አሳለፍሁ። አይቆርጥም፤ ክዳኑም ይገጥማል። ይቆይ አልሁት።